ጭጋጉ ይለፍና

በ1976 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚነካ ሰው ካለ የቀበሌ ኪነት አባል መሆኑ ነው። ጊታሩ የቀበሌ፣ ድራሙ የቀበሌ፣ ድምፅ ማጉያው የቀበሌ ነው። የሚዘፈነውም ስለ እርሻ ዘመቻ፣ ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ አብዮቱ ነው። ልብስ አንድ ዓይነት፣ እርምጃ አንድ ዓይነት፣ ፈገግታም አንድ ዓይነት።

የቁስቋም ቀበሌ ኪነት፣ የቁስቋም ልጆች የሚባሉት ግን ከዚያ ሁሉ ወጣ ያሉ ነበሩ። መለሰ ጊታር ይመታል፣ ቢሻው ድራም ይደበድባል፣ ባንቺአየሁ ትዘፍናለች። የነሱ ዘፈን እንደ ሌላው አልነበረም። የደረሳቸው ድምፅ ማጉያ የውስጥ ወረቀቱ የተቀደደ በመሆኑ መለሰ ጊታሩን በነካ ቁጥር ዳገት ላይ እንደሚያቃስት የጭነት ማኪና ያጉረመርማል። ሽማግሌዎች «ኧረ ይኼ ነገር ታሟል!» እያሉ ጆሮአቸውን ይይዛሉ። ወጣቱ ግን ከአዳራሹ መስኮት ሥር ተደርድሮ ያደምጣል።

መለሰ የሲስተር እጅጋየሁ ልጅ ነው። ሲስተር እጅጋየሁን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ናቸው። ነጭ የነርስ ቆባቸው ጠመም ብሎ አይታይም፤ ሲናገሩ ሐኪም እንኳ ቀና ብሎ ይሰማቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ታላቁ ልጃቸው ካሣዬ ደግሞ በዚያ በክፉው ዘመን ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። አስከሬን አልተሰጣቸውም፣ ለቅሶ አልተቀመጡም። በማግሥቱ ቆባቸውን አድርገው ሥራ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸውን ሁሉ የጣሉት በመለሰ ላይ ነው። መለሰ ለምሥራቅ ጀርመን የትምህርት ዕድል ታጭቷል፤ መስከረም ሲጠባ ይሄዳል። ልጃቸውን ከዚህ አገር በሕይወት ከማውጣት ሌላ ሲስተር እጅጋየሁ ጸሎት አልነበራቸውም።

ባንቺአየሁ በደባርቅ መንገድ ከገደል አፋፍ ያለችው የኮሶዬ ልጅ ናት። አባቷ አያ አለነ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። እሷ ለትምህርት ቁስቋም አክስቷ ዘንድ መጥታ፣ ቀን በቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ታድላለች፣ ማታ ትማራለች። ኪነት የገባችው አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ስታንጎራጉር የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰምተዋት ነው። መለሰም ያኔ ሰማት። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ስኳር ሞልቶ ሳለ ስኳር ሊገዛ ይመላለስ ጀመር።

ልምምድ ላይ እሷ ስትዘፍን እሱ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አያያትም። ዓይኑን ጊታሩ ላይ ይተክላል። እሷ ዘፈኗን ስትጨርስ ብቻ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከማጉያው ውስጥ እያቃሰተ ሲጠፋ፣ ቀና ይላል። ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። ባንቺአየሁ ያችን ቅጽበት ለማግኘት ስትል ዘፈኑን በሙሉ ትዘፍን ነበር።

*

ግንቦት ላይ መለሰ ቤቱ ወሰዳት።

ሲስተር እጅጋየሁ ቆመው ተቀበሏት። ሻይ በሸክላ ስኒ ቀረበ። ባንቺአየሁ ስኒውን እንዳትሰብረው ፈርታ በሁለት እጇ ያዘችው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአያ አለነ። የኮሶዬ።»

«ምን ይሠራሉ?»

«ያርሳሉ።»

«ጥሩ ነው» አሉ ሲስተር፤ ፈገግታቸው ከከንፈራቸው አላለፈም። «መለሰ ጀርመን እንደሚሄድ ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«ስድስት ዓመት ነው ትምህርቱ። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ የሱቋ ልጅ ነሽ አይደል? እንግዲያው ከመጣሽ አይቀር፣ የልብስ ሳሙና ሲገባ እባክሽ ንገሪኝ። ሠራተኛዬ ሁልጊዜ ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሰው።»

ስድብ አልነበረም፤ ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። ባንቺአየሁ «እሺ፣ ሲስተር፤ እነግርዎታለሁ» ብላ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። መለሰ እስከ በር ሸኛት፤ ጉንጩ ቀልቷል፤ አንድ ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። ከእናቱ ቃል ይልቅ እንዲያ ዝም ማለቱ ነው ባንቺአየሁን እስከ ቁስቋም ድረስ ያቃጠላት።

*

በማግሥቱ ልምምድ ላይ የእርሻ ዘመቻውን መዝሙር ጀምሩ ሲባል ባንቺአየሁ አልዘፈነችም። ቢሻው ድራሙን ሦስት ጊዜ መታ።

«ምነው ባንቺ? ታመሻል እንዴ?» አለ።

«ሌላ ነገር ልበል?»

መልስ አልጠበቀችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ኮሶዬ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ሰው እንደሚጠራ ሰው፣ ድምፅዋን ለቀቀችው።

*ጭጋጉ ይለፍና ማዶው ይታየና፣*
*ማን እንደጎደለ እንቆጥራለንና።*
*አንተ ከዚያ ማዶ፣ እኔ ከዚህ ማዶ፣*
*ድምፅስ ይሻገራል ሰው መሻገር ከብዶ።*

ቢሻው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ አፉን ከፍቶ ቀረ። መለሰ ግን ያን ቀን ዓይኑን ጊታሩ ላይ አልተከለም። እያያት፣ ጣቶቹ ራሳቸው መንገድ እየፈለጉ ከሥሯ ገቡ። ማጉያው አጉረመረመ። የእሷ ድምፅ ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ የጊታሩ ደግሞ የተቀደደ። አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ ፀሐይ በደመና ውስጥ ስታልፍ ይመስላል።

ሲጨርሱ ቢሻው፣ «ይኼንን ማጉያ አሠርተን በደንብ እንቀዳዋለን!» አለ።

«አይነካም» አለ መለሰ። «እንዲሁ ያጉርምርም። ልቤ እንዲያ ነው የሚለው።»

የቀዱት ፒያሳ ካለው ከአበቡ ሙዚቃ ቤት ጓዳ ነው። አበቡ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፤ ደንበኞቹን «ቆጠራ ላይ ነኝ» እያለ መለሳቸው። ሰኔ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ያቆማሉ፣ ሲያባራ ይጀምራሉ። ባንቺአየሁና መለሰ ከአንድ ማይክሮፎን ፊት ተጠጋግተው ቆሙ። ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቁ እሱ በሹክሹክታ፣ «ያን ቀን እናቴ ፊት ዝም ማለቴ...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው። አሁን እኮ እየተናገርክ ነው» አለችው፣ ጊታሩን በዓይኗ እያሳየች።

ዝናቡ አባራ። አበቡ እጁን አነሣ። ባንቺአየሁ ያን ቀን እንደዘፈነችው ሆና ሁለተኛ ዘፍና አታውቅም። ደስታዋ ያስፈራት ነበር።

*

ካሴቱ ሲወጣ ስማቸው እንኳ በደንብ አልተጻፈበትም። አበቡ ለአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሰጠው፣ ሹፌሩ ለሌላ ሹፌር አዋሰው። ሐምሌ ሳይጋመስ ዘፈኑ ከደባርቅ እስከ ማክሰኝት ደረሰ። ማክሰኝት ገበያ እህል የሚሰፍሩ ሴቶች ያንጎራጉሩታል። የተቀደደ ማጉያ የሌላቸው የሌላ ቀበሌ ኪነቶች ማጉያቸውን በምላጭ ቀደዱ እየተባለ ተወራ።

ነገር ግን ሰው ዘፈኑን የሚሰማበት ሁኔታ ባንቺአየሁን ግራ አጋባት። አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ የተሰለፉ እናቶች ከጎረቤት ቴፕ የሚወጣውን ዘፈን ሰምተው ሁሉም ባንዴ ዝም አሉ። «ማን እንደጎደለ እንቆጥራለንና» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ስኳራቸውን ተቀብለው፣ ዘፋኟ እሷ መሆኗን ሳያውቁ፣ «ልጆቼን ነው የሚጠራቸው» ብለዋት ሄዱ።

ባንቺአየሁ የዘፈነችው ስለ ፍቅሯ ነበር። ጎንደር ግን በዚያ በክፉው ዘመን የቀሩባትን ልጆች ትቆጥርበት ጀመር። ያን ዕለት ሱቁን ዘግታ ስትሄድ ደስታዋና ፍርሃቷ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት።

*

ኪነቱን የሚቆጣጠሩት ጓድ ወልደ ገብርኤል የቀበሌውን ሰው አዳራሽ ሰበሰቡ። ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው።

«ቆንጆ ዘፈን ነው» ብለው ጀመሩ። «እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ጭጋጉ ማነው? የጎደለውስ ማነው? ግጥሙን የደረሰው ሰው ተነሥቶ ያስረዳን።»

ባንቺአየሁ ልትነሣ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ከፊቷ መለሰ ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ዘፋኟስ?» አሉ ጓድ ወልደ ገብርኤል።

መለሰ ወደ ባንቺአየሁ አልዞረም። «እሷ ምን ታውቃለች? የባላገር ልጅ ናት፤ ሱቅ ውስጥ ሳሙና የምታድል። በይ ያልኳትን ነው ያለች። ትርጉሙንም አታውቀውም።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ባንቺአየሁ የያዘችውን ወንበር ለቀቀች። ሳሙና! ያችን ቃል የምታውቃት ከማን አፍ ነው? እናትየው የሻይ ስኒ ይዘው ያሏትን፣ ልጁ በሰው ፊት ደገመው። ግጥሟን ወሰደው፣ እሷንም ምንም አስመሰላት። ስብሰባው ሳይበተን በጓሮ በር ወጣች። ልብሷን በአንድ ፌስታል ቋጥራ ወደ ደባርቅ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ሹፌሩ ያንኑ ዘፈን ከፍቶ ነበርና፣ እስከ ኮሶዬ ድረስ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሄደች።

*

ነሐሴ ኮሶዬ ላይ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ቤቱን፣ እርሻውን፣ መንገዱን ይውጠዋል። አያ አለነ ልጃቸውን ምነው መጣሽ ብለው አልጠየቋትም። መኮትኮቻ ሰጧት፣ ባቄላ አብራቸው አረመች። አትዘፍንም። አባትየው ያን ልብ ብለዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው በጭጋጉ ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ቤታቸው መጣ። ሲቀርብ ሲስተር እጅጋየሁ ሆኑ። ቆባቸውን አላደረጉም። የከተማ ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ፀጉራቸው በጤዛ ረጥቧል። ባንቺአየሁ እጅዋን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች። እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«አያ አለነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልእክት ሳልልክ መጣሁ» አሉ ሲስተር።

«ኧረ ይግቡ፣ ቤት የእንግዳ ነው። ብርድ ነው ይግቡ» አሉ አያ አለነ። ቁርበት አነጠፉላቸው፤ ከዚያም ጉዳዩ የማን እንደሆነ ገብቷቸው ከብቶቹን ሊያዩ ብለው ወጡ።

ሲስተር እጅጋየሁ እጃቸውን እሳቱ ላይ ዘርግተው ሞቁ። በኋላ፣ «መለሰ ከታሰረ ሰነበተ» አሉ።

ባንቺአየሁ የበሩን መቃን ያዘች።

«የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ግጥሙ የሱ እንዳልሆነ ተናገሪለት። ያንቺ መሆኑን አውቃለሁ። የወለድኩት ልጅ እኮ ነው፤ ለልደቴ ካርድ ሲጽፍልኝ እንኳ ከመጽሐፍ ነው የሚገለብጥ። ስንኝ ቋጥሮ አያውቅም።»

«ታዲያ የኔ ነው ብሎ በሰው ፊት የወሰደው ምነው?» ባንቺአየሁ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ባላገር ናት፣ ሳሙና አዳይ ናት ያለኝስ ምነው?»

ሲስተር ቀና ብለው አዩዋት። ነገሩን ልጅቷ እስካሁን እንዳላወቀችው ያኔ ነው የገባቸው። ሊደብቁት ይችሉ ነበር። አልደበቁትም።

«አንቺ ብትታሰሪ የሚጠይቅሽ፣ የሚያስፈታሽ ሰው አይኖርም ብሎ ነው። እኔን የከተማው ሹም ሁሉ ያውቀኛል፤ የብዙዎቹን ልጆች ያዋለድኩ እኔ ነኝ። ቢይዙኝ እናቴ ታስለቅቀኛለች ብሎ ነው። ምንም አታውቅም ያለሽም...» ጭቃ የለወሰውን ጫማቸውን አዩ። «ምንም አታውቅም የተባለችን ልጅ ማን ያስራታል፣ ልጄ?»

ባንቺአየሁ እዚያው ባለችበት ቁጢጥ አለች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ወደ እሷ ያልዞረው ለምን እንደነበር አሁን ታያት። ዓይን ለዓይን ቢገጣጠሙ ውሸቱን መናገር አይችልም ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ ከጎንደር ከወጣች ጀምሮ አምቃ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። ሲስተር እጅጋየሁ እጃቸውን ዘርግተው፣ ትከሻዋ ሳይደርስ መለሱት። ሊያባብሏት የሚገባቸው መሆኑን ያውቃሉ፤ መብቱ ግን ያላቸው አልመሰላቸውም።

«አረሙን ነገ አባዬ ይጨርሰዋል» አለች ባንቺአየሁ ዕንባዋን እየጠረገች። «እንሂድ።»

*

የጓድ ወልደ ገብርኤል ቢሮ መስኮቱ ዝግ ነበር። ባንቺአየሁ ቆማ፣ «ግጥሙ የኔ ነው፣ ጓድ። እሱ የጊታሩን ነው የሠራው» አለች። ሲስተር እጅጋየሁ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ጓድ ወልደ ገብርኤል መለሰን አስጠሩት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ባንቺአየሁን ሲያይ ፊቱ ሁለት ነገር ሆነ፤ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ።

«አትስሟት! ውሸቷን ነው!» አለ።

«አንተ ነህ ውሸታም» አለችው። ለሌላ ሰው ቁጣ ይመስል ነበር።

ጓድ ወልደ ገብርኤል አንዱን ካንዱ አስተያዩ። «ሰው ከጥፋት ሲሸሽ አይቻለሁ። ለጥፋት ሲሻማ ያየሁት ዛሬ ነው። እሺ አንቺ ንገሪኝ፤ የጎደለው ማነው?»

«ኮሶዬ ላይ ጭጋጉ ሲወርድ እጅህን ዘርግተህ እጅህን አታየውም፣ ጓድ። ገደል አለ። ከየቤታችን አፋፍ ላይ ወጥተን እንጣራለን። ሲገለጥ በጉንም ሰውንም እንቆጥራለን። ሌላ አይደለም።»

«የጎንደር እናቶች ግን በግ አይደለም የሚቆጥሩት።»

«እነሱን ቁጠሩ ያልኳቸው እኔ አይደለሁም። የሚቆጥሩት ባይኖራቸው ዘፈን ብቻውን ምን ያደርግ ነበር?»

መለሰ ዓይኑን ጨፈነ። ይኼኔ ከጥግ ካለው ወንበር አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔም እቆጥራለሁ።»

ሲስተር እጅጋየሁ ቆመዋል። «ካሣዬ ይባላል። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤት የወጣ ነው። ይኼ ዘፈን ሳይዘፈንም በፊት እቆጥር ነበር። በየሌሊቱ ተረኛ ሆኜ የሰው ልጅ ስቀበል፣ አንድ መጣ፣ የኔ አንድ ጎደለ እያልኩ እቆጥር ነበር። ማልቀስ ወንጀል ነው ብዬ አላለቀስኩም። ይኼንን ካሴትም ቤቴ እንዳይገባ ከልክያለሁ። እንግዲህ መቁጠር የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ ጓድ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ እኔን ነው።»

መለሰ እናቱን እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም። የወንድሙን ስም ከአፋቸው የሰማው ከዚያን ዘመን ወዲህ ያኔ ገና ነው።

ጓድ ወልደ ገብርኤል ተነሥተው ወደ ተዘጋው መስኮት ሄዱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሰውዬ ስንት ጊዜ ጭጋጉ ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት መሰለሽ። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ አንድ መልስ ነው። 'በእኔና በምወዳት ልጅ መካከል የቆመ ነገር ነው፤ ቀንና ሌሊት እጣራለሁ፣ ትስማኝ አትስማኝ አላውቅም' ይለኛል። እኔ ፖለቲካ ስጠይቀው እሱ ፍቅር ይነግረኛል።»

ባንቺአየሁ ወደ መለሰ ዞረች። እሱም ወደ እሷ። ዘፈን አልነበረም፣ ጊታርም አልነበረም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ማንኛቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ሰምቼሃለሁ» አለችው።

ጓድ ወልደ ገብርኤል ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ፊታቸው እንደ ቀድሞው ሆኗል። «ዘፈኑ ከዛሬ ጀምሮ መድረክ ላይ አይወጣም። ካሴቱ ከየሙዚቃ ቤቱ ይለቀማል። ጊታሩና ድራሙ ለቀበሌው ይመለሳል፤ የቁስቋም ልጆች የሚባል ነገር የለም። መለሰ ወደ ቤቱ ይሂድ።» ሲስተር እጅጋየሁን ለማየት ቸገራቸው። «የጀርመኑን ዕድል ግን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። እሱን እኔም አልመልሰው።»

ሲስተር እጅጋየሁ የአግዳሚውን ጀርባ ያዙ። ሲወጡ ግን ማንም አልደገፋቸውም። ራሳቸው ናቸው ቀድመው የወጡት።

*

ውጭ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያበራል። ሦስቱም ግንብ ሥር ቆሙ።

«ሻንጣውን ሸክፌ ጨርሼ ነበር» አሉ ሲስተር፣ ለማንም ሳይሆን። «ሹራብ እንኳ ገዝቼለት ነበር። ብርድ ነው ይላሉ ያ አገር።»

«እማዬ...»

«ተወኝ፣ አንድ ጊዜ ልዘንበት። ለአንዱ ሳላዝንለት ኖሬያለሁ፤ ለዚህ እንኳ ልዘን።» ዕንባቸው ሲወርድ አልጠረጉትም።

መለሰ ወደ ባንቺአየሁ ተጠጋ። «ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያልኩሽን...»

«ሌላ ቃል አጥተህ ነው?» አለችው። «ቢያንስ ሱቅ ጠባቂ ብትል ምን ነበረበት?» ሳቀች፤ እያለቀሰች ነበር። «ደግመህ እንዲያ ካልክ ግን ብትታሰርም አልመጣልህ።»

«ደግሜ ዝም አልልም። ጀርመንም ቀረ፣ ጊታሩም ተወሰደ። የቀረኝ አፌ ነው። አሁን አብሬሽ ኮሶዬ እሄዳለሁ፤ ለአባትሽ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«የት ነው የምትሄደው?» ሲስተር እጅጋየሁ ድንገት ዞሩ። ድምፃቸው የሆስፒታሉ ድምፅ ሆኗል። «ጢምህን እንዲህ አንጨብርረህ፣ ከእስር ቤት እንደወጣህ፣ ሰው ሳይላክልህ የሰው ቤት ልትገባ? አያ አለነ ምን ይሉኛል? አባት የለውም ቢሉ እናትስ የለውም ወይ አይሉም?»



ሲስተር ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ባንቺአየሁን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ጭቃ የነካውን ጫማዋን፣ ለቅሶ ያቀላውን ዓይኗን። ኮሶዬ ላይ ዘርግተው የመለሱትን እጃቸውን አሁን አልመለሱትም። ጉንጯን ነካ አደረጉት።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አሉ። «አባትሽን ቀድመሽ አሳውቂያቸው። ዘመድ እንዳይቀየም ይሰብስቡ። በጭቃ ጫማዬ ቤታቸውን ማበላሸቴንም ይቅር ይበሉኝ በይልኝ።» ከዚያ ቆባቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ተረኛ መሆናቸውን ተናግረው፣ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ትከሻቸው ግን ከኋላ ሲታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእናት ትከሻ ይመስል ነበር።

መለሰ ባንቺአየሁን እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። እጇን ይዟል፣ ሰው ይያቸው አይያቸው ግድ አልሰጠውም። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አንድ ነገር ተናገረ፤ ሞተሩ ዋጠው። እሷ ግን ከከንፈሩ አነበበችው፣ እስከ ከተማው ዳር ድረስም ከንፈሯን ይዛ ፈገግ እንዳለች ቀረች።

*

ሹፌሩ ካሴቱ መከልከሉን ሰምቷል መሰል፤ ኬላውን እስኪያልፍ ድረስ አልከፈተውም። ኬላውን ሲያልፍ ግን እጁን ሰደደ። ማጉረምረሙ መጣ። ከዚያ የራሷ ድምፅ።

ባንቺአየሁ ያን ቀን ጆሮዋን አልያዘችም። በመስኮት በኩል ጭጋጉ በሸለቆው ላይ ሲንሳፈፍ እያየች አደመጠች። ከኋላ አንድ ወታደር አብሮ ያንጎራጉራል። ከፊት ጥጆቻቸውን ሸጠው የሚመለሱ ገበሬዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ሁሉ በየራሱ አንድ ሰው ይቆጥራል። ዘፈኑ ከእጇ ከወጣ ቆይቷል። ያን ቀን ግን ቅር አላላትም።

ከጎኗ የተቀመጡ አሮጊት በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«ይኼን ዘፈን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

«አውቀዋለሁ፣ እምዬ።»

«ዘፋኟ ሞታለች አሉ። ሸጋ ልጅ ነበረች፤ የምትወደውን ልጅ እናቱ ብትከለክላት፣ ልጅቱ ከገደል ራሷን ወረወረች አሉ። ይኸው በዚህ በኛ ገደል።» ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «ምነው እንዲህ ይጨከናል?»

ባንቺአየሁ ሳቅም ለቅሶም ባንድ ላይ መጡባት። የአሮጊቷን እጅ ያዘች። እጃቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«አልሞተችም፣ እምዬ» አለቻቸው። «አውቃታለሁ። ሽማግሌ ሊላክላት ነው።»